በግዕዝ ፊደል የተጻፈው የትኛው ቋንቋ ነው? ደረጃ በደረጃ የመለያ መመሪያ

የግዕዝ ፊደል ያየ ሰው አብዛኛውን ጊዜ "አማርኛ ነው" ብሎ ያልፋል። ትግርኛ ተናጋሪ ይህን ሲሰማ ይናደዳል፤ አይፈረድበትም። በዚህ ፊደል ግዕዝ፣ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ትግረ፣ ሐረሪ፣ ስልጥኛ፣ የጉራጌ ቋንቋዎች፣ ብሊንና አዊኛ ይጻፋሉ። እስከ ደርግ መውደቅ ድረስ ደግሞ ኦሮምኛም፣ ወላይትኛም፣ ሲዳምኛም ይጻፉበት ነበር።

መለየቱ ሥራ ላይ የሚውል ነገር ነው። አውሮፓ ወይም አሜሪካ ያለ መሥሪያ ቤት በትግርኛ የተጻፈ ማስረጃ ደርሶት ለአማርኛ አስተርጓሚ ቢልከው፣ ባለጉዳዩ ሌላ ቀጠሮ ይጠብቃል። ከአባት ሳጥን የወጣች አሮጌ ቡክሌት፣ በቴሌግራም የመጣ ስክሪንሾት፣ የብራና ፎቶ፣ ሁሉም ጋ ጥያቄው አንድ ነው፦ ይሄ ምን ቋንቋ ነው?

ቋንቋዎቹን መናገር አይጠበቅባችሁም። አማርኛ ማንበብ ከቻላችሁ ይበቃል። የምንሄድበት መንገድ እንዲህ ነው፦ በፊደሎቹ የማይሆነውን ቋንቋ እናስወጣለን፣ ከዚያ በትንንሾቹ ቃላት የቀረውን እናረጋግጣለን። በፊደል ብቻ የሚፈርድ ሰው ይሳሳታል፤ በአንድ ፊደል ብቻ የሚፈርድማ አይጣል ነው።

1. ከመሀል አራት መስመር ምረጡ

ርእስ አትመኑ። የሰው ስም፣ የቦታ ስም፣ የድርጅት ስም አትመኑ። "ገብረ እግዚአብሔር" የሚል ስም በአማርኛም በትግርኛም ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል፣ ራሱ ግን ግዕዝ ነው። ብዙ የአማርኛ መንፈሳዊ ጽሑፎች "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ" ብለው በግዕዝ ይጀምሩና ወዲያው ወደ አማርኛ ይገባሉ። መጀመሪያዋን መስመር ብቻ ያየ ሰው ጽሑፉን በሙሉ ግዕዝ ነው ይላል።

ስለዚህ ከመሀል፣ ግስና መስተዋድድ ያለበትን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ውሰዱ። አራት መስመር ጥሩ ነው። ሁለትም ካላችሁ ይሞከራል።

2. "ኣ"ን ፈልጉ

ከሁሉም ፈጣኑ ፈተና ይሄ ነው። በአማርኛ "አ" እና "ኣ" ድምፃቸው አንድ ስለሆነ፣ ሁላችንም ግዕዙን (የመጀመሪያውን ቤት) "አ" እንጽፋለን፦ አዲስ አበባ፣ አገር፣ አለ። በትግርኛ ግን ግዕዙ "አ" እና ራብዑ (አራተኛው ቤት) "ኣ" ድምፃቸው ይለያያል። ስለዚህ ትግርኛ ጸሐፊ "ኣዲስ ኣበባ" ብሎ ነው የሚጽፈው። "ኣሎ"፣ "ኣብ"፣ "ኣይኮነን" ሁሉም በራብዑ ይጀምራሉ።

በአራት መስመር ውስጥ "ኣ" አምስት ስድስት ጊዜ ብቅ ካለ፣ አማርኛ የመሆኑ ዕድል በጣም ጠባብ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ካያችሁት ዝም ብላችሁ እለፉ፤ የድሮ አማርኛ ጸሐፊዎች አልፎ አልፎ ይጠቀሙበታል፣ የኪቦርድ ስሕተትም ይሆናል።

3. ትግርኛ መሆኑን አረጋግጡ

በ"ኣ" ከጠረጠራችሁ ቀጥሎ "ቐ"ን ፈልጉ። "ቀ" ላይ ምልክት የተጨመረባት ፊደል ናት፤ ከነዘሮቿ ቑ፣ ቒ፣ ቓ፣ ቔ፣ ቕ፣ ቖ። አማርኛም ግዕዝም አይጠቀሙባትም። አማርኛ "መቀሌ" የሚላትን ከተማ ትግርኛ "መቐለ" ይላታል።

"ኸ"ም እንደዚሁ ትበዛለች። በትግርኛ "ከ" ከአናባቢ በኋላ ስትመጣ ትላላለች፤ የአማርኛው "አምላክ" በትግርኛ "ኣምላኽ" ነው። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በድሮ የአማርኛ ኅትመቶች "ኹሉ"፣ "ኹኖ" የሚሉ አጻጻፎች ሞልተዋል። ስለዚህ "ኸ" ብቻዋን ምስክር አትሆንም። ከ"ኣ" እና ከ"ቐ" ጋር ስትመጣ ግን ነገሩ አለቀ።

ሦስተኛው ምልክት የቃል መጨረሻ ነው። አማርኛ በሳድስ (በስድስተኛው ቤት) የሚዘጋቸውን ብዙ ስሞች ትግርኛ በሣልስ (በሦስተኛው ቤት) ይዘጋል። ልብ፣ ልቢ። ሕዝብ፣ ህዝቢ። ትምህርት፣ ትምህርቲ። ቃላቱን አውቃቸዋለሁ፣ ግን ሁሉም "ኢ" ላይ ያልቃሉ ብላችሁ ካሰባችሁ ትግርኛ እያያችሁ ነው።

አሁን ትንንሾቹን ቃላት ተመልከቱ። እነዚህን በቃል ብትይዙ አትጎዱም፦

- እዩ፣ እያ፣ እዮም (ነው፣ ናት፣ ናቸው)
- ናይ (የ)
- ኣብ (በ፣ ውስጥ)
- ካብ (ከ)
- ናብ (ወደ)
- እቲ፣ እታ፣ እቶም (ያ፣ ያቺ፣ እነዚያ፤ ከስም በፊት ሲመጡ እንደ አማርኛው "-ው"፣ "-ዋ"፣ "-ቹ" ናቸው)

ከእነዚህ ሦስቱ በአንድ አንቀጽ ከተገኙ ሌላ ፍለጋ አያስፈልግም።

የኤርትራ ይሁን የትግራይ ማወቅ ከፈለጋችሁ ደግሞ "ጸ" እና "ፀ"ን አወዳድሩ። የኤርትራ አጻጻፍ ጸሎቱን "ጸ" ይዞ ፀሐዩን "ፀ" ትቶታል፤ "ጸሓይ" ይላል። ትግራይ ውስጥ በብዛት የሚታየው "ፀሓይ" ነው። በኤርትራ ጽሑፎች ላይ ሁለት ነጥብ (፡) የነጠላ ሰረዝን ሥራ ስትሠራም ታያላችሁ። ይሄ ግን ዝንባሌውን ያሳያል እንጂ የጸሐፊውን አገር አይመሰክርም። በስደት ያለ ሰው ሁለቱንም ሊቀላቅል ይችላል፣ በተለይ ስልክ ላይ።

4. አማርኛ መሆኑን ማረጋገጥ

"አማርኛማ አነበዋለሁ፣ ምን ማረጋገጥ ያስፈልጋል?" ትሉ ይሆናል። እናንተ ታነባላችሁ። አጠገባችሁ ያለው የማያነብ የሥራ ባልደረባ ግን በዓይኑ ብቻ እንዲለይ ልታስተምሩት ትችላላችሁ። ሁለት ቅርጽ አሳዩት።

የመጀመሪያው "ች" ነው። አማርኛ ብዙ ቁጥሩን በ"-ኦች" እና በ"-ዎች" ይሠራል። "መጣች"፣ "ናቸው"፣ "አላችሁ" ሁሉም "ቸ"ን ከነዘሮቿ ይጎትታሉ። አንድ አንቀጽ አማርኛ ያለ "ች" መጻፍ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ትግርኛ ውስጥ ይህች ፊደል አልፎ አልፎ ብቻ ነው የምትታየው።

ሁለተኛው "ቷል"፣ "ዷል"፣ "ሯል" የሚሉት ዲቃላ ፊደሎች ከ"ል" ጋር ናቸው። መጥቷል፣ ሄዷል፣ ተናግሯል። የዜና አማርኛ በእነዚህ የተሞላ ነው። ቀሪዎቹ አብረዋቸው የሚዞሩት ቃላት የታወቁ ናቸው፦ ነው፣ ላይ፣ ውስጥ፣ ግን፣ ስለ፣ እና።

የሀ፣ ሐ፣ ኀ እና የሰ፣ ሠ መዘበራረቅም በራሱ ፍንጭ ነው። አንድ ጸሐፊ በአንድ ገጽ ላይ "ሀይል"ም "ኃይል"ም ከጻፈ አማርኛ ጸሐፊ ነው ብላችሁ መወራረድ ትችላላችሁ። ለእኛ ሁሉም አንድ ድምፅ ስለሆኑ ማንም አይቆጣንም። ከየኔታ በስተቀር።

5. ግዕዝን በሌሉት ፊደሎች ያዙት

ግዕዝ የሚታወቀው በሚጎድሉት ነው። የግዕዝ መሠረታዊ ፊደላት 26 ናቸው። አማርኛ ለራሱ ድምፆች ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ እና ጨን ጨምሮ 33 አደረሳቸው፤ ለባዕድ ቃላት ደግሞ "ቨ" መጣች። ስለዚህ ሙሉ ገጽ ጽሑፍ አንብባችሁ ከሰባቱ አንዱንም ካላገኛችሁ፣ ግዕዝ ሳይሆን አይቀርም። ከሰባቱ አንዱ በተደጋጋሚ ከመጣ ግን ግዕዝ አይደለም።

ዲቃላዎቹም ይረዳሉ። ግዕዝ የሚያውቃቸው የቈ፣ ኈ፣ ኰ፣ ጐ ቤተሰቦችን ብቻ ነው። ሏ፣ ሟ፣ ቧ፣ ቷ የአማርኛ ነገር ናቸው።

በግዕዝ የፊደል ምርጫ ትርጉም ይለውጣል። "ሠረቀ" በንጉሡ ሠ ፀሐይ ወጣች ለማለት ነው፤ "ሰረቀ" በእሳቱ ሰ ሌባ የሚሠራው ነው። ስለዚህ በጥንቃቄ በተጻፈ ግዕዝ ውስጥ ንጉሡ ሠ፣ ብዙኃን ኀ፣ ዓይኑ ዐ እና ፀሐዩ ፀ በየቦታቸው ይገኛሉ። የብራና ጸሐፊዎችም ግን ሰው ናቸው፤ በተለይ በኋለኞቹ ዘመናት የተጻፉ ብራናዎች ፊደሎቹን እያቀያየሩ ይጽፋሉ።

ማረጋገጫ ቃላቱ፦ ውእቱ፣ ይቤ፣ እስመ፣ ኀበ፣ በከመ። መነሻ "ወ-" ደግሞ በየሁለት በየሦስት ቃሉ ብቅ ትላለች፤ የአማርኛው "እና" ናት። መጨረሻቸውን እዩ፦ "አቡነ"፣ "ለክሙ"፣ "ሎሙ"። እንደ "አቡነ" ብዙ ቃላት በግዕዝ ፊደል (በመጀመሪያው ቤት) ያልቃሉ። "ሰማየ ወምድረ" ሲባል ሁለቱም ቃላት መጨረሻቸው ክፍት ነው፤ አማርኛ እዚያ ቦታ ላይ "ን" ይጨምራል።

አንድ ወጥመድ አለ። በግዕዝ ብራናዎች ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ በአማርኛ የተጻፉ የርስት፣ የስጦታና የውል ማስታወሻዎች ይገኛሉ። የመሀሉን ጽሑፍና የኅዳጉን ለየብቻ ፈትሹ። ሁለት ቋንቋ በአንድ ገጽ ላይ መሆኑ የተለመደ ነው።

ሌላም ልብ በሉ፦ ብራናው ግዕዝ ነው ማለት የግድ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ነው ማለት አይደለም። ቤተ እስራኤሎች ኦሪታቸውን የሚያነቡት በግዕዝ ነው፤ ዛሬ እስራኤል ውስጥ ያሉ ቄሶችም ይዘውታል።

6. አንዲት ቅጥያ፣ አራት ቋንቋ

ጊዜ ከሌላችሁ ይህቺን ብቻ ያዙ። "የ" የምንላት የአማርኛ መነሻ በእያንዳንዱ ቋንቋ ሌላ መልክ አላት።

ግዕዝ "ዘ-" ይላል፦ አቡነ ዘበሰማያት። አማርኛ "የ-" ይላል፦ የነበረ። ትግርኛ ከግስ ጋር "ዝ-"፣ ከስም ጋር "ናይ" ይላል፦ ዝነበረ። ትግረ ደግሞ "ለ-" ይላል።

የትግረዋ "ለ" ታሳስታለች። አማርኛ አንባቢ "ለቤት" የሚል ሲያይ "ለቤት የሚሆን" ብሎ ይረዳል። በትግረ ግን "ለቤት" ማለት "ቤቱ" ነው፤ "ለ" እንደ እንግሊዝኛው "ዘ" ታውቆ የተጠቀሰን ነገር ታመለክታለች። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ በ"ለ" የሚጀምሩ ቃላት ከበዙበትና እንደ አማርኛ አልገጥም ካላችሁ፣ እነዚህን ፈልጉ፦ እግል (ለ)፣ እት (በ)፣ ዲብ (ወደ፣ ውስጥ)፣ ምን (ከ)። ከተገኙ ትግረ ነው። ስሙ ከትግርኛ ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው አንድ ያደርጋቸዋል፤ ሁለቱ የተለያዩ ቋንቋዎች ናቸው። ትግረ የሚነገረው በዋናነት በኤርትራ ነው፣ በዐረብኛ ፊደልም ይጻፋል።

7. የማታውቁት ፊደል ካጋጠማችሁ

እስካሁን ያየናቸው ፊደሎች ኪቦርዳችሁ ላይ አሉ። አንዳንዴ ግን "ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?" የሚያሰኝ ቅርጽ ትመለከታላችሁ። ሦስቱን ብታውቁ ብዙ ርቀት ያስኬዳችኋል።

ጘ (ጙ፣ ጚ፣ ጛ...)። "ገ"ን ትመስላለች፣ ምልክት ተጨምሮባታል። "ን" እና "ግ" ተዋሕደው በአፍንጫ የሚወጣውን ድምፅ ትይዛለች። ካያችኋት የአገው ቤተሰብ ቋንቋ ላይ ናችሁ፦ ብሊን ወይም አዊኛ። የአዊኛ ተናጋሪዎች ቋንቋቸውን "አውጚ" ብለው ሲጽፉት ፊደሏን ታገኟታላችሁ። ብሊን በላቲን ፊደልም ስለሚጻፍ የዛሬ መማሪያ መጻሕፍት ላይ ጘን ብታጡ አትገረሙ።

ዸ (ዹ፣ ዺ፣ ዻ...)። ይቺ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ኦሮምኛ ምልክት ናት፤ በቁቤ (በኦሮምኛው የላቲን ፊደል) "dh" ተብሎ የሚጻፈው ድምፅ ነው። ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የተረጎመውና በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል ነው። ከ1971 ዓ.ም. የጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር የተጠቀመው በዚሁ ፊደል ነበር። ኦሮምኛ ወደ ቁቤ የዞረው በ1984 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የታተመ፣ ፊደሉን እያነበባችሁት ምንም ያልገባችሁ ቡክሌት ካለ ኦሮምኛን አስቡ። ሌላው ፍንጭ ቃላቱ በአብዛኛው በአናባቢ መዝጋታቸው ነው፤ በሳድስ የሚያልቅ ቃል ጥቂት ነው። "ፊ" (እና) የምትለዋን ነጠላ ፊደል ደጋግማችሁ ካያችሁ ጥርጣሬያችሁ ትክክል ነው። ከኦሮምኛ ሌላ ከሆነ ግን፣ የዘመቻው ቋንቋዎች ወላይትኛ፣ ሲዳምኛ፣ ሐዲይኛ፣ ከምባትኛ፣ ጌዴኦኛና ሌሎችም ስለሆኑ፣ ሽፋኑን ወይም የአሳታሚውን ገጽ መፈለግ ይሻላል።

ⷀ፣ ⷈ፣ ⷐ፣ ⷘ። ቀ፣ ከ፣ ኸ እና ገ ላይ ምልክት ተደርጎባቸዋል። የሰባት ቤት ጉራጌ ናቸው። ዩኒኮድ (ኮምፒውተርና ስልክ ፊደሎችን የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) መሠረታዊውን የግዕዝ ፊደል ያስገባው በ1999 ሲሆን እነዚህ የመጡት በ2005 ነው፤ ለጉራጌ የተዘጋጁ ተጨማሪ ፊደሎች ደግሞ በ2021 ገብተዋል፤ ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው። ስልካችሁ አሮጌ ከሆነ ባዶ ሳጥን ሊታያችሁ ይችላል። ያ ሳጥን ራሱ መረጃ ነው፦ የተለመደ አማርኛ ጽሑፍ አሁን ባሉ ስልኮች ላይ ሳጥን አያመጣም።

ሐረሪን በፊደል መያዝ ይከብዳል፤ ከአማርኛ የሚለይ ጎላ ያለ ቅርጽ የለውም። "ጌይ ሲናን" የሚለውን የቋንቋውን ስም፣ እንዲሁም በ"-ዞ" እና በ"-ቤ" የሚያልቁ ቃላትን ፈልጉ። ድሮ በዐረብኛ ፊደል ነበር የሚጻፈው፤ የሐረር አሮጌ ጽሑፎች እንደዚያ ናቸው።

8. ማሽኑን ጠይቁ፣ ግን አትመኑት

ጎግል ትራንስሌት አማርኛን በ2016፣ ትግርኛን በ2022 እ.ኤ.አ. ጨምሯል። በሁለቱ መካከል ለመለየት ጥሩ ይሠራል። ችግሩ የማያውቀው ቋንቋ ሲመጣ ነው። ትግረ ወይም አሮጌ ኦሮምኛ ስትሰጡት "አላውቅም" አይልም፤ ከሚያውቃቸው አንዱን መርጦ ትርጉም የሚመስል ነገር ያወጣል። ትርጉሙ ወጉ የማይያዝ ከሆነ የማሽኑን ግምት ጥላችሁ ወደ ፊደሎቹ ተመለሱ።

ሌላም አለ። ከድሮ ፋይል ገልብጣችሁ ስትለጥፉ የላቲን ፊደልና ምልክት የተዘበራረቀበት ነገር ከመጣ፣ የቋንቋ ጉዳይ አይደለም። በእነ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ዘመን ፎንቶቹ የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ፎንቱ ሲጠፋ ላቲኑ ይወጣል። ፎንቱን ፈልጋችሁ ጫኑ ወይም ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር ፕሮግራም አሳልፉት፣ ከዚያ ከደረጃ አንድ ጀምሩ።

እንሞክር

እነዚህ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች የሚሉት አንድ ነው።

ሀ) እቶም ቆልዑ ናብ ቤት ትምህርቲ ከይዶም ኣለዉ።

ለ) ሖሩ ደቂቅ ኀበ ቤተ ትምህርት።

ሐ) ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት ሄደዋል።

"ሀ" ላይ "ኣ" አለች፣ "ትምህርቲ" በሣልስ አልቃለች፣ "እቶም" እና "ናብ" አሉ። ትግርኛ ነው። "ቐ" የለችም፤ መቅረቷ ግን ምንም አይለውጥም፣ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁሉም ምልክት እንዲገኝ አትጠብቁ።

"ለ" ላይ ከሰባቱ ተጨማሪ ፊደሎች አንድም የለም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ያ ብቻውን አያስተማምንም፤ "ሀ"ም ላይ የሉም። የሚያረጋግጠው "ኀበ" ነው። "ቤተ ትምህርት" የሚለውም "ቤተ" ብሎ በግዕዝ ቤት ማለቁ የግዕዝ አገናኝ ነው። ግን "ቤተ ክርስቲያን" እያልን አማርኛም ውስጥ እንጠቀምበታለን፣ ስለዚህ ብቻውን አይበቃም።

"ሐ" ላይ "ጆ" እና "ቹ" ግዕዝን ያስወጣሉ። "ወደ" እና "ሄደዋል" ይጨርሱታል።

ይህን ሁሉ አልፋችሁ አሁንም ካልተለየ፣ ለሚያውቅ ሰው ስትልኩ ገጹን በሙሉ በጥራት ፎቶ አንሱት። የተቆረጠ ስክሪንሾት አትላኩ። ሽፋኑን፣ የታተመበትን ዓመትና ቦታ ጨምሩ፤ ጽሑፉ ከየት እንደተገኘም ንገሩት። "ከከረን የመጣ ነው" ወይም "ወልቂጤ ነው የተገዛው" የሚል አንድ መስመር ለሚለየው ሰው ግማሹን ሥራ ይሠራለታል።